በአንድ ስም ስለሚጠሩት ልዩ ልዩ የደብዳቤ መላኪያዎች

ክቡራን ነጋዴዎች እንደሚያውቁት፥ የዕለቱን ኢንቮይስና የጭነት ዝርዝር ለደንበኛ የሚልከው ጸሐፊ መሆኑ ቀርቶ፥ በሌሊት በራሱ የሚሠራ የኮምፒዩተር ትእዛዝ የሆነበት የንግድ ቤት አለ። ይህም ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ «ሜይልኤክስ» ወይም በአጭሩ «ሜይል» የሚባለውን፥ በጽሑፍ ብቻ የሚታዘዝ ፕሮግራም ይጠራል። አሠራሩ ወጪ ቆጣቢ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳስበን ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት ፕሮግራሞች ብዙ መሆናቸውና እርስ በርሳቸውም አለመስማማታቸው ነው።

ኩርት ሾንስ የበርክሌይን «ሜይል» በ1978 እ. ኤ. አ. ሲጽፍ፥ ደብዳቤ ማለት ንጹሕ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሰነድ ለማያያዝ የሚያስችለው «ማይም» የተባለው ደንብ የወጣው በ1992 ነው። «ፖዚክስ» የተባለው የጋራ ደንብ የርእሱን ምልክት ወስኖ ስለ አባሪ ግን ዝም ስላለ፥ እያንዳንዱ ሠሪ ክፍተቱን በመሰለው ሞላው።

ውጤቱ በአንዲት ፊደል ይታያል። ጉናር ሪተር በሠራው «ሄርሉም ሜይልኤክስ» እና ከእርሱ በተወለደው «ኤስ-ኔይል» ትንሿ «ኤ» ሰነድ ታያይዛለች። በዴቢያን በሚገኘው «ቢኤስዲ-ሜይልኤክስ» ግን ያችው ፊደል በደብዳቤው ራስጌ ላይ መስመር ትጨምራለች እንጂ ሰነድ አታያይዝም። በግኑ «ሜይልዩቲልስ» ደግሞ ማያያዝ የትልቋ «ኤ» ሥራ ነው።

እንግዲህ አንድ ቡና ላኪ ኮምፒዩተሩን ከአንዱ ዐይነት ወደ ሌላው ቢያዛውር፥ የቀድሞው ትእዛዝ ሳይለወጥ ደብዳቤው ይሄዳል፤ «ዝርዝሩ ተያይዟል» የሚለው ቃልም ይደርሳል፤ ዝርዝሩ ግን የለም። ቡናው ጅቡቲን ለቆ ሐምቡርግ ሲደርስ፥ ገዢው ወረቀት ሲጠብቅ የወደብ መጋዘን ኪራይ ይቈጠራል። በተቃራኒው «ኤስ-ኔይል» የራስጌ መስመር ሲሰጠው በዚያ ስም ፋይል ፈልጎ በማጣቱ ያማርራል፤ ይህ ለነጋዴ ይሻላል፥ ጉድለቱ በሌሊቱ ይታወቃልና።

ጥፋቱን በሠሪዎቹ ላይ መጫን ይቀናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ ሥራቸውን ያለ ዋጋ ሰጥተውናል፥ መመሪያውንም ጽፈዋል (ማን እንዳነበበው ሌላ ጥያቄ ነው)። ተጠያቂው «ሜይልኤክስ አለ» ብሎ ማሽን የሚያስረክበው ባለሙያና ይህንኑ ሳይጠይቅ የሚፈርመው ቤት ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ የፕሮግራሙ ትክክለኛ ስምና የእትሙ ቍጥር ሊጻፍ ይገባል፤ ትእዛዙም በጋራው ስም ሳይሆን «ኤስ-ኔይል» ተብሎ በራሱ ስም ይጠራ። ማሽን በተለወጠ ቍጥርም እውነተኛ ኢንቮይስ ወደ ቤቱ የራሱ አድራሻ ተልኮ፥ የሒሳብ ሹሙ አባሪውን ከፍቶ ሳያይ ለደንበኛ አንዳች መላክ የለበትም።