ስሙ ይቅር፣ ቁጥሩ ይውጣ
ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2011 በየዓመቱ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ራሱን አጥፍቶባታል። እዚያ የፖሊስ መዝገብ ስም ሳይጠራ በየአካባቢው፣ በየወሩ፣ በዕድሜና በሥራ ተለይቶ ይወጣል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ማርች ከባድ ወር መሆኑ ስለታወቀም የመከላከሉ ዘመቻ ያኔ ይጠናከራል። በ2012 ቁጥሩ ከ30 ሺህ በታች ወረደ፤ ምስጋናው ሁሉ ግን የመረጃው ነው አልልም። እኛም ጋ የፖሊስና የሆስፒታል መዝገብ ለመከላከል ሥራ ይከፈት ባይ ነኝ። ስም መፋቅ ብቻውን ግን አይበቃም፦ በአንድ ቀበሌ በዓመት ራሱን ያጠፋው አንድ ሰው ከሆነ፣ «ወንድ፣ 19 ዓመት፣ ተማሪ» የምትለው መስመር ለቅሶ ለደረሰ ጎረቤት ሁሉ ስሙን እንደመጥራት ናት። እንዲህ ያለው ትንሽ ቁጥር ከወረዳው፣ ካልሆነም ከዞኑ ጋር ተደምሮ ይውጣ።