ስለ አባት ስምና ስለ ትያትር ሥራ

ባለፈው ጊዜ ወደ አንኮበር ስንጓዝ ደብረ ብርሃን ላይ ካንድ ወዳጃችን ቤት ዐደርን። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነውና፣ ከእራት በኋላ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ የከሰል ማንደጃውን ከበን፣ ፈረስና ሠረገላ የበዛበት የድሮ የአሜሪካ ሲኒማ በቴሌቪዥን እናይ ነበር። በዚህ መካከል የቤቱ ትልቅ ሴት ልጅ ትምህርትዋን ስትጨርስ የትያትር ሥራ ለመማር ማሰብዋን ገለጸች። አባትዮው ተቈጥተው «እንግዲያውስ ስሜን ትተሽልኝ ሂጂ» አሉ። እኛም እንግዶች ነበርንና ዝም አልን።

ሲኒማው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950 የወጣው «ዋገን ማስተር» ነበር። ከመንገደኞቹ ጋራ በሠረገላ እየተጓዙ ቀንደ መለከት የሚነፉት ወፍራም አሮጊት ጄን ዳርዌል ይባላሉ። ይህ ስም ግን ካባታቸው የወረሱት አይደለም። በ1879 በሚዙሪ አገር ሲወለዱ ፓቲ ውዳርድ ነበሩ፤ አባታቸው የምድር ባቡር ኩባንያ አለቃ ስለ ነበሩ፣ የልጂቱ ትያትር ሠሪነት የቤተ ሰቡን ስም እንዳያጐድፍ ሲሉ ለወጡት። በተለወጠውም ስም በ«ጄሲ ጄምስ» የሽፍታው እናት፣ በ«ዘ ኦክስ ቦው ኢንሲደንት» ደግሞ ያለ ፍርድ ሰው ሊሰቅሉ ከወጡት ጋራ እየሳቁ የሚሄዱ ጨካኝ ሴት ሆኑ። (ይህነን ያየ ሰው ያች ደግ አሮጊት ይህችው ናት ብሎ ለማመን ይቸግረዋል።) በ1940 በወጣው «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» የደኸዩ ገበሬዎች እናት ሆነው በመሥራታቸው ለረዳት ተዋናይ የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ ለዳርዌል ተባለ፤ የውዳርድ ቤት ከክብሩ ድርሻ አላገኘም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትያትር የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሴት መድረክ ላይ መውጣትዋ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበረ፣ ብዙ ዘመን የሴቶቹን ድርሻ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ይህን ልማድ ከሰበሩት ዋነኛይቱ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መድረክ ላይ ወጥተው፣ ኋላም ዛሬ ብሔራዊ ትያትር በሚባለው ቤት ሠርተዋል። በዚያ ላይ ክራር ደርዳሪ ነበሩ፤ ለሰሚው ሁሉ «አዝማሪ» ማለት ስድብ በነበረበት ዘመን ይህ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምት። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያዘነላቸው አስናቀች ወርቁ ብሎ ነው፤ ወርቁ የሚለውም ስም እስከ ዛሬ በሰው አፍ የሚነሣው በርሳቸው ምክንያት ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ስንነሣ ልጂቱ ዕቃችንን ይዛ እስከ በር ሸኘችን፤ ዐይንዋ አብጦ ነበር። ወዳጃችን ወደ መኪናው ቀረብ ብለው፣ ያች ቀንደ መለከት የምትነፋው ሴት ማን እንደምትባል በቀስታ ጠየቁን። መኪናው ሊንቀሳቀስ ነበርና የነገርናቸው ስምዋን ብቻ ነው፤ የቀረውን እነሆ ጽፈንላቸዋል።