የአእምሮ ሕመምስ ሕመም አይደለም እንዴ?

በከተማችን በአዳማ አንድ ሠራተኛ እግሩ ቢሰበር ባልደረቦቹ ተዋጥተው ይጠይቁታል፣ ደመወዙም ላይ ማንም ጥያቄ አያነሳም። አእምሮው ሲታመም ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አጎቴ እዚሁ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ኦፕሬተር ነው። እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ቤተሰቡ ጠበል ወሰደው (ማን የማይወስድ አለ?)፣ ቀጥሎ ሐኪም አይቶት የሕመም ፈቃድ ተጻፈለት። ፋብሪካው በሁለተኛው ወር ክፍያውን አቆመ። ፐርሶኔሉ የሰጠው ምክንያት «በማግስቱ አላሳወቀም፣ ደግሞስ ይሄ ምኑ ሕመም ነው?» የሚል ነው።

እስቲ ሕጉን እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። የአካል ነው የአእምሮ ብሎ አይለይም። በማግስቱ ማሳወቅ እንደሚገባ ይደነግጋል፣ እውነት ነው፤ ማሳወቅ ያልቻለውን ግን አያስገድድም። ራሱን ለማያውቅ በሽተኛ ካልሆነ ይህ ለማን ተጻፈ?

እኔን የሚያናድደኝ ዘመድ አዝማዱ «ገመናችን አደባባይ ይወጣል» ብሎ ዝም ማሰኘቱ ነው። ሠራተኛ ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም፤ የደመወዝ ጥያቄ ግን በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል።

አክስቴ በውክልና ክስ አስጽፋለች። የግማሹን ደመወዝ ብናስመልስ እንኳ፣ ያለ ክፍያ የተባሉት ሦስት ወራት ከፊታችን አሉ። መድኃኒቱ ራሱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል።