እጃችን ከስልክ ሌላ ምን ይዟል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ሰዓት እስኪ እናስበው። ግማሻችን ስልክ ላይ ነን፤ ግማሻችን በርጫ ላይ ነን። የቀረነው መስጂድ በር ላይ ቆመን ስናወራ ይመሻል። ማታ ስንተኛ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብንል በእጃችን ዳስሰን የምናሳየው ነገር የለም። ከዚያ «ደበረኝ» እንላለን። ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም መኖሩን አንክድም። ብዙው ድብርታችን ግን እግር ሳይራመድ፣ እጅ ሳይሠራ የዋለ ቀን ውጤት ነው።

እስኪ የምንወዳቸውን ሰዎች እጅ እንይ። ኑሕ (ዐ.ሰ) መርከብ ሠርተዋል። ዳውድ (ዐ.ሰ) ነቢይም ንጉሥም ሆነው ከብረት ጥሩር ይሠሩ፣ ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ ነበር። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለመካ ሰዎች በግ ጠብቀዋል፤ እቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይጥፉ ነበር። ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋርም ሩጫ ተወዳድረዋል። ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው አዘዋል። ፍሬውን ማን ይበላዋል ብላችሁ አስቡት! ሥራው በራሱ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ታዲያ የእጅ ሥራን መናቅ ከየት አመጣነው? ከዲናችን አይደለም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን «ቡዳ» እያለ የሚሸሽ አሮጌ ልማድ ነበር። በክርስቲያኑ ደጋ አገር ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሙስሊም አያቶቻችን ደግሞ ርስት ተከልክለው ስለነበር ልጆቻቸውን ያሳደጉት በንግድና በሽመና ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነበር። እስከዚያ ድረስ ቤተሰብ ያቆመው ያ የተናቀ እጅ ነው። ዛሬ መርፌ ወይም መዶሻ የያዘን ወንድም ዝቅ አድርገን ስናይ የምንንቀው የገዛ አያቶቻችንን ነው።

ሐረር በእጅ በተጻፉ ሙስሐፎቿና በመጽሐፍ ጥራዟ የታወቀች ከተማ ነበረች። የሐረሪ እናቶች ስፌት ዛሬም ግድግዳ ያስጌጣል። የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም። ይህ ሁሉ የእኛ ነው። ግን ስንቶቻችን አንዱን እንችላለን?

ከየት እንጀምር? ሦስት ነገር እንጠቁም።

አንደኛ፦ በየመስጂዳችን መደርደሪያ ላይ ጀርባቸው የተገነጠለ ሙስሐፎች አሉ። መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ ኮላ፣ ቁራጭ ጨርቅና ካርቶን ይበቃል። መጀመሪያ በአሮጌ ደብተር እንለማመድ። እጃችን ሲላመድ ሙስሐፉ ወቅፍ ነውና ኢማሙን እናስፈቅድ። ነገ አንድ ልጅ ከዚያ ሙስሐፍ ሲቀራ ማየት ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ የሠራው ያውቀዋል።

ሁለተኛ፦ ግቢ የለንም አንበል። አሮጌ ባልዲ ሥሩን በስተን፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለን ቆስጣ እንዝራ። በሁለት ወር ገደማ ለወጥ ይደርሳል። የውጭ የውጩን ቅጠል ቀንጥበን መሃሉን ከተውነው መልሶ ያድጋል። የውዱእ ውሃችንም ያጠጣዋል።

ሦስተኛ፦ በሳምንት አንድ ቀን ፈጅርን በጀመዓ ሰግደን እንውጣ። ደሴ ጦሳ አለላት፤ አዲስ አበባ እንጦጦ፤ ሐረር የሐኪም ጋራ። ሰላሙ የታወቀ መንገድ እንምረጥ፣ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ እንክተት። ዙህር ቢደርስብን ምድር መስገጃ ተደርጋልናለች። እህቶችም ከቤተሰብ ጋር ወይም የራሳቸውን ጀመዓ ይዘው ይውጡ፤ ተራራው የወንዶች ብቻ አይደለም።

«ሥራ አጥተን ተቀምጠን ስለ ቆስጣ ታወሩልናላችሁ?» የሚለን ወንድም አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ባልዲ ሥራ አጥነትን አያጠፋም። ግን ሥራ መጠበቅና እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አንድ አይደሉም። አንድ ነገር ጀምሮ የጨረሰ ሰው ስለራሱ የሚያስበው ይለወጣል። «አልችልም» የሚለው ቃል አፉ ላይ ይከብደዋል። ጊዜና ጤና ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ጸጋዎች መሆናቸውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ሁለቱም ዛሬ በእጃችን ናቸው።

አንድ አደራ፦ ሳንጨርስ ፎቶ አንለጥፍ። የወጠነውን ሁሉ የምናሳይ ከሆነ ጭብጨባው ሥራውን ይተካዋል፤ ኢኽላሱም ይሳሳል። ኒያችንን አስተካክለን ዝም ብለን እንሥራ።

እስከሚቀጥለው ጁሙዓ አንድ ነገር እንጀምር፦ አንድ ሙስሐፍ፣ አንድ ባልዲ፣ ወይም አንድ ተራራ። አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን፤ እጃችንን የሚጠቅም ሥራ ያስይዝልን። ኣሚን!