በ95 እና በ207 ለሚሠሩ የካርታ ባለሙያዎች፤ ግልጽ ደብዳቤ

ይህ ደብዳቤ የሚመለከታቸው ቀያሾችና የካርታ ባለሙያዎች ሁለቱን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። ከአዲንዳን ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ለመሻገር ምሥራቁ ላይ 95፣ ሰሜኑ ላይ 207 ሜትር መደመር። አለቃው ለጀማሪው ይነግረዋል፤ ጀማሪው ስክሪፕት ውስጥ ይከታቸዋል፤ ስክሪፕቱም በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። አዲሱ ውጤት በአሮጌው ፋይል ላይ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ሠንጠረዡን የሚከፍት ሰው «ኤክስ» እና «ዋይ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያያል፤ ነጥቦቹ በየትኛው ዳተም እንዳሉ፣ ተቀይረው እንደሆነም የሚነግረው የለም።

ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም፤ መዘዙም ከዚህ ይጀምራል።

አዲንዳን ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ 22 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስን ጥቂት አልፎ ከሚገኝ የመነሻ ነጥብ ነው። የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች በዚህ ዳተም ላይ ቆመዋል። አዲንዳን የሚጠቀምበት የክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ከደብሊው ጂ ኤስ 84 ጋር ሲነጻጸር በምድር ወገብ ላይ ራዲየሱ በ112 ሜትር ይበልጣል፤ ማዕከሉም ሌላ ቦታ ነው። ለኢትዮጵያ የሚሠራበት ሠንጠረዥ የማዕከሎቹን ልዩነት −165፣ −11 እና 206 ሜትር ይለዋል።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች አዲስ አበባ ላይ ሲሰሉ በዩቲኤም ወደ 95 እና 207 ይመጣሉ። ሰሜኑ ሞያሌም መቀሌም ላይ ከ207 እምብዛም አይርቅም። ምሥራቁ ግን እንደየቦታው ይለዋወጣል፦ ጋምቤላ አካባቢ 85 አይሞላም፣ ጅግጅጋ አካባቢ ከ100 ያልፋል። አሥር ሜትር የብዙ የከተማ ቦታዎችን ወርድ ያህላል።

ኮኦርዲኔቱ በዲግሪ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ኬክሮሱ የሚገፋው ሞያሌ ላይ በ170 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በ117 ገደማ ሲሆን፣ መቀሌ ላይ 75 እንኳ አይሞላም። በዩቲኤም ሰሜኑ የማይነቃነቀው የሁለቱ ኤሊፕሶይዶች ርዝመት ልዩነት ጉድለቱን እየሞላ ስለሚሄድ ነው፤ ዲግሪ ላይ ይህ ድጋፍ የለም። 207ን ወደ ሴኮንድ ለውጦ መቀሌ ላይ የሚደምር ስክሪፕት ነጥቡን ከ130 ሜትር በላይ አለቦታው ይወስደዋል። ስክሪፕቱ ግን ምንም አይልም፤ ውጤቱን እስከ ሚሊ ሜትር አስልቶ ያትማል። የሦስቱ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ራሱ በየአቅጣጫው 3 ሜትር ያህል ስህተት እንዳለበት የሚያምን ነው።

የተሻለ መሣሪያ የያዙትም ከዚህ አላመለጡም። በፓይተን የሚሠሩት ፓይፕሮጅን ይጠራሉ፣ ጥሩ ነው። ሆኖም ምንጩን «ክላርክ 1880፣ ዞን 37» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ ሰው፣ ፓይፕሮጅ የሚጠራው ፕሮጅ ዳተሙን ስለማያውቀው ግምታዊ ቅየራ ይመርጥና የማዕከሎቹን ልዩነት ሳይቆጥር ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ የሰሜኑ ቁጥር ያኔም በ91 ሜትር ገደማ ይለወጣል፣ ኤሊፕሶይዱ ተቀይሯልና። ቁጥሩ ሲለወጥ ያየ ባለሙያ ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ ፋይሉን ይልካል፤ ነጥቡ ግን ከእውነተኛው ቦታ 150 ሜትር ርቋል። ምንጩን ኢፒኤስጂ 20137 (አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37) ብሎ መጻፍና ግምታዊውን ቅየራ መከልከል የሁለት መስመር ሥራ ነው።

ኬክሮስና ኬንትሮስን ያቀያየረ ሰው ዕድለኛ ነው፤ አዲስ አበባው ከሰርዲኒያ ደቡብ ባሕር ውስጥ ይወድቅና ወዲያው ይስቅበታል። የምልክት ስህተት ግን ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላውፈንቡርግ ላይ ራይንን የሚያሻግር ድልድይ ሲሠራ ጀርመንና ስዊዘርላንድ የከፍታ መነሻቸው በ27 ሴንቲ ሜትር እንደሚለያይ መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር። ማስተካከያው በተቃራኒ ምልክት ገባ፤ ልዩነቱ 54 ሆነ። አዲንዳን ላይ በዩቲኤም ምልክቱን የገለበጠ ሰው ከ450 ሜትር በላይ ይስታል።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ተቀባዮች የሚጠበቀው አዲስ ሶፍትዌር አይደለም። የመጀመሪያው ኮኦርዲኔት በራሱ ዓምድ ይቆይ፤ የምንጩና የመድረሻው ኢፒኤስጂ ቁጥር፣ የተሠራበት ማዛወሪያና የፕሮጅ ቅጂ ከፋይሉ ጋር ይጻፉ። ስክሪፕቱም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ዳተሞች የሚታወቅ አንድ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ቀይሮ ያሳይ፤ ከ5 ሜትር በላይ ከሳተ ይቁም። ይህን የማያሟላ ፋይል ሲመጣ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ወደ ላኪው ቢመልሰው ማንም ቅር ሊለው አይገባም።