ከአጥሩ ማዶ ያለውን ወንዝም አስተምሩ

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መምህራን፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፤

አካባቢን የምናስተምርበት መንገድ ልጆችን ከገዛ አካባቢያቸው እያራቀ መሆኑን ላመለክታችሁ እወዳለሁ። በብዙ ክፍሎች የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። የብክለት ትርጉም በሰሌዳው ላይ ይጻፋል፣ ደብተር ላይ ይገለበጣል፣ ለፈተና ይሸመደዳል። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም ችግኝ ይተክላል። ችግኝ መትከል ደግ ነው፤ ነገር ግን ያ ቦታ የማን እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረበት፣ ለምን ዛፍ እንጂ ቤት እንዳልተሠራበት የሚጠይቅ ልጅ የለም። የጎደለው ይህ ጥያቄ ነው።

አዲስ አበባን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀች ናት። የቀበናና የግንፍሌ ውኃ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል፣ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ላይ የተደፋው ሁሉ ታች ይደርሳል፤ በአቃቂ ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ይህን ዑደት በካርታ ላይ በጣቱ የተከተለ ልጅ የብክለትን ትርጉም መሸምደድ አያስፈልገውም። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ቆሼም እንዲሁ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አደጋው የቆሻሻ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈራና የፕላን ጉዳይም ነበር። የከተማ ቆሻሻ የት ይጣል? በሥሩስ ማን ይኖራል? መማሪያ መጽሐፉ እነዚህን ሁለት ነገሮች በየምዕራፉ ከለያያቸው፣ ልጁ አንድ ላይ የሚያያቸው በሐዘን ቀን ብቻ ይሆናል።

የከተማን ፕላን በክፍል የማስተማር ሐሳብ አዲስ አይደለም። የአሜሪካዋ ቺካጎ በ1909 እ.ኤ.አ. ትልቁን የከተማ ፕላኗን ካወጣች በኋላ፣ ያንኑ ፕላን የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1911 ታትሞ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች መማሪያ ሆኗል። ያ መጽሐፍ ግን ዓላማው ልጆቹን የፕላኑ ደጋፊዎች ማድረግ ነበር። እኛ ድፍረቱን እንውሰድ፣ ስብከቱን እንተው፤ ልጆቻችን የሚያስፈልጋቸው ፕላንን ማንበብና መጠየቅ ነው።

ጊዜ የለም፣ ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ፈተናም አለ እንደምትሉ ይገባኛል። ሆኖም የምጠይቀው ሌላ የትምህርት ዓይነት አይደለም። የካርታ መስፈርት በማኅበራዊ ሳይንስ፣ ንጽጽር በሒሳብ ይሰጣሉ፤ ሁለቱንም በትምህርት ቤቱ ግቢ ካርታ መለማመድ ይቻላል። ስልሳ ተማሪ ከግቢ ማስወጣት አስጊ ከሆነ አይውጡ፤ የዝናቡ ውኃ ከጣሪያው ወርዶ በየት በኩል እንደሚወጣ ከግቢው ሳይወጡ ይታያል። መስፈርትን በእጁ ሠርቶ የገባው ተማሪ ደግሞ በፈተና አይወድቅበትም። ከበድ የሚለው መቃወሚያ ፕላን ፖለቲካ ነው የሚለው ነው። መንገድ ሲሰፋና ሰፈር ሲፈርስ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። መምህሩ ፍርድ ይስጥ አልልም፤ ማን ተጠየቀ፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተነሣ ብሎ ማስጠየቅ ግን ይችላል። ዝምታም ትምህርት ነውና፤ ከተማን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፣ አንተ ተመልካች ነህ ብሎ ያስተምራል።

ስለዚህ በመጪው መንፈቀ ዓመት ከትርጉም ትምህርቶቻችሁ አንዱን በሦስት ጥያቄዎች ተኩልኝ፦ የትምህርት ቤታችን ፍሳሽ የት ይደርሳል? ቆሻሻችንን ማን ይወስደዋል፣ የትስ ይጥለዋል? በሰፈራችን ያለው ባዶ ቦታ ምን ቢሆን ይሻላል፣ ለምን? መልሶቹ ከነካርታቸው ለወረዳው ይላኩ። ዛሬ 8ኛ ክፍል የተቀመጠው የ14 ዓመት ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ድምፅ ይሰጣል።

አክባሪያችሁ