ሽጉጡ ፈቃድ አለው፤ እጁስ?

በሲሬ የገበያ ቀን ስንዴ ሊሸጥ የወረደ ሰው ጃኬቱ በቀኝ ወገቡ በኩል ካበጠ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሽጉጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሻይ ቤት ሲገባ ወንበሩን ትንሽ ወደ ጎን ያደርጋል፣ ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ በእጁ ያስተካክለዋል። ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለውን እንኳ አልፎ አልፎ የሚጠይቅ ይገኛል። የማይጠየቀው ሌላ ነው። ይህ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ዒላማ አድርጎ የተኮሰው መቼ ነው? ሽጉጡን ፈታቶ የወለወለውስ?

እውነቱ ከተነገረ ብዙዎቹ የተኮሱት የጎረቤት ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ያውም ወደ ሰማይ።

ሰዉ ለምን ይታጠቃል ብሎ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማላገጥ ቀላል ነው። በአርሲ ግን ምክንያቱ የታወቀ ነው። በኅዳር 2016 በሽርካ ወረዳ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ ዜናው በየወረዳው ቤት ለቤት ገብቷል። የእህል ገንዘብ ይዞ ከዴራ ወደ ሲሬ በሚወጣው መንገድ የሚመላለስ ነጋዴ በሥጋቱ አይፈረድበትም። ራስን መከላከልም ቢሆን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የተፈቀደ መብት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከታጠቀው ሰው ፍርሃት ጋር አይደለም። ክርክሩ ከስንፍናው ጋር ነው። ሽጉጥ በወገቡ የሻጠ ሰው ዕዳ ገብቷል፤ ዕዳውም በየጊዜው መለማመድና መሣሪያውን መንከባከብ ነው። ይህን የማይከፍል ሰው ከዘራፊው ይልቅ ለጎረቤቱ፣ ለሚስቱና ለልጁ ያሰጋል።

«መተኮስ ምን ትምህርት ያሻዋል፣ ከአባት የወረስነው ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ይህን የሚል ሰው አርሲ ውስጥ መኖሩ ይገርማል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያወጣችው በቆጂ እዚሁ ናት። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን በማለዳ ጫካ ለጫካ ሲያስሮጥ የኖረው ሩጫ በደም ይወረሳል ብሎ አይደለም። ሁለት ዓመት ሮጦ የማያውቅ ሰው ነገ ውድድር እገባለሁ ቢል የበቆጂ ሕፃን ይስቅበታል። ሁለት ዓመት ያልተኮሰ ሰው ግን «ሌባ ቢመጣ አንድ ጥይት ይበቃዋል» ሲል ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅለታል።

የሠለጠኑትስ እንዴት ናቸው? የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ በዓመት ሁለት ጊዜ ሜዳ ወጥቶ ተኩሶ ማለፍ አለበት። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ግምገማ መሠረት ከ1998 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት እነዚህ ፖሊሶች ከሚተኩስባቸው ሰው ጋር ሲታኮሱ የመቱት በአማካይ 18 በመቶ ብቻ ነው። ደመወዝ እየተከፈለው፣ ጥይት በነፃ እየተሰጠው፣ አስተማሪ ቆሞለት የሚለማመደው ሰው ከአምስት ጥይት አንዱን እንኳ በቅጡ አያሳርፍም። የቀሩት የሆነ ቦታ ሄደው ያርፋሉ። በሲሬ ገበያ መሐል የሚተኮስ ጥይት ደግሞ የት እንደሚያርፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ከኋላ የቆመችው ቅቤ ሻጭ አለች።

ሌላም የተሳሳተ ነገር አለ። በደጋው ያደገ ሰው ጠመንጃ ያውቃል። አባቱ ምንሽር አንግቧል፣ እሱ ራሱ ምናልባት ክላሽ ይዞ ተረኛ ጥበቃ አድሯል። ሽጉጥን የጠመንጃ ልጅ አድርጎ ያያል። አይደለም። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይደገፋል፣ ረጅም ነው፣ ማነጣጠሪያው ሩቅ ለሩቅ ነው። የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር ስለሆነ እጅ በጥቂቱ ሲንቀጠቀጥ ጥይቱ አሥር ሜትር ላይ ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል። ቃታ ሲስቡ አጉል መጭመቅ ብቻውን ያስታል። በተለይ የፈራ እጅ።

እስኪ ማካሮቭን እንውሰድ፤ በአገራችን ከሚታወቁት ሽጉጦች አንዱ ነው። ሶቭየቶች በ1951 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የተቀበሉት፣ ስምንት ጥይት የሚጎርስ፣ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ሴፍቲው ወደ ላይ ሲገፋ የላይኛው ተንሸራታች አካል ይቆለፋል፣ ቃታውም አይሠራም። አሁን ሰውየውን ጋቢ አልብሱት፣ ማታ ነው፣ ውሻው ጮኋል። መጀመሪያ ጋቢውን መግለጥ አለበት። ቀጥሎ ሽጉጡ ቀበቶው ላይ ሳይጠመድ መውጣት አለበት። ከዚያ ሴፍቲውን በአውራ ጣቱ ማውረድ። ካላጎረሰው ደግሞ ማቀባበል። ይህን ሁሉ በደረቁ ሃምሳ ጊዜ ሠርቶት የማያውቅ ሰው በዚያች ሰዓት ሴፍቲውን ይረሳና በተቆለፈ ሽጉጥ ሲታገል ይገኛል። ወይም ይባስ ብሎ ጣቱ ቃታው ላይ እንዳለ ሽጉጡን ሲመዝ የራሱን ጭን ይመታል። ብዙ ሰው «መሣሪያው ባረቀብኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ አይባርቅም፤ ጣት ነው የሚባርቀው።

ወደ እንክብካቤው እንምጣ፤ የሚያበሳጨው እዚህ ነው። አርሲ ከካዱ ዘመን፣ ከ1960 ጀምሮ ከማሽን ጋር ኖሯል። የሲሬ ገበሬ በአጨዳ ወቅት ኮምባይነር ሲከራይ መጀመሪያ የሚያየው ግሪስ ተቀብቶ እንደሆነ ነው። ያልተቀባ ማሽን መሐል ማሳ ላይ እንደሚቆም ያውቃል። ይኸው ሰው ወገቡ ላይ ያለውን ማሽን ሦስት ዓመት አልፈታውም። የጃኬት ክር፣ የእብቅ ብናኝ፣ ላብ ተደባልቆ ከላይኛው አካል ሥር እንደ ጭቃ ደርቋል። ደጋው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከውጭ ብርድ ሽጉጥ ይዞ እሳት ወዳለበት ቤት ሲገባ ብረቱ ያልበዋል። ያ ላብ ሳይጠረግ ካደረ ዝገት ይጀምራል፣ በተለይ በክረምት። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ የመኪና ዘይት ያፈስበታል። ይኼም ጥፋት ነው፤ የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ጥይቱ ቀለህ ከሰረገ ደግሞ ጥይቱን ያከሽፈዋል።

ስለ ጥይቱም ይወራ። አያት ዘንድ በጨርቅ ተቋጥሮ የኖረ ጥይት የሞላ ሽጉጥ ይዞ «ታጥቄያለሁ» የሚል አለ። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ ብዙ ሌሎች ሽጉጦች የሚጎርሱት ደግሞ 9 በ19 ነው። ሁለቱም «ዘጠኝ ቁጥር» ተብለው ስለሚሸጡ ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ የማይገባውን ያጎርሳል። ካርታውን ደግሞ ማንም አስታውሶት አያውቅም። ስፕሪንጉ ደክሞ፣ ከንፈሩ ተጣሞ ሁለተኛው ጥይት ሳይገባ ሲቀር ያኔ ይታወሳል። በፖሊስ ዜና «ኢኮልፒ» እየተባለ የሚጠራውን የቱርክ ሽጉጥ የያዘ ሰውማ ጉዳዩ የባሰ ነው። ኤኮል የሚለው ስም በዓለም የሚታወቀው ለድምፅ ብቻ በሚተኩሱ ሽጉጦች ነው። እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ በየጓዳው የተቀየረ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለዚያ ግፊት የተሠራ ብረት የለውም፤ ቢወለወልም ባይወለወልም የያዘውን እጅ ሊበጥስ ይችላል። ለእሱ መድኃኒቱ ልምምድ አይደለም፣ ማስረከብ ነው።

ታዲያ ስንት ጊዜ? በየቀኑ የሚታጠቅ ሰው ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ በደረቁ ይለማመድ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ አጉራሹ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ፣ አቅጣጫው ከጀርባው ወፍራም አፈር ያለበት ይሁን፣ ልጆች ከቤት ይውጡ። መግለጥ፣ መምዘዝ፣ ሴፍቲ ማውረድ፣ ቃታ ቀስ አድርጎ መሳብ፤ ይኸው ነው። ሳንቲም አያስወጣም። በእውነተኛ ጥይት ደግሞ በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ ሃምሳ እንኳ ባይሆን አሥራ አምስት ጥይት። ከተተኮሰ በዚያው ዕለት ይወልወል። ባይተኮስም በወር አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይጠረግ፣ ስስ ዘይት ይቀባ፣ የተረፈው በደረቅ ጨርቅ ይነሳ። ወገብ ላይ የሚውል ጥይት በዓመቱ በአዲስ ይተካ፤ አሮጌው ለልምምድ ይሁን።

«ጥይት ውድ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ግን በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚረጨው ጥይት ከየት ይመጣል? ያ ጥይት መውረዱ ደግሞ አይቀርም። በፖርቶ ሪኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ማብቂያ የአዲስ ዓመት ሌሊት ወደ ሰማይ በተተኮሰ ጥይት 19 ሰዎች ሳይጎዱ እንዳልቀሩና ከእነሱ አንዱ መሞቱን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መዝግቧል። ለደስታ የሚባክነው ለልምምድ ቢውል ወጪው አይጨምርም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላው ነው። «በዚህ ጊዜ ሕዝቡን ተኩስ ማስተማር እሳት ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነው» የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸው የዋዛ አይደለም። ነገር ግን መግደል የፈለገ ሰው ማንንም አያስፈቅድም፣ ሲለማመድም የሚያየው የለም። እዚህ የሚወራው ስሙ መዝገብ ላይ ስላለው፣ የመሣሪያው ቁጥር ተጽፎ ፎቶው ስለተለጠፈለት ሰው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲወጣ አገሩ የተከራከረው ማን ይታጠቅ፣ ማን አይታጠቅ በሚል ነበር። የያዘው ሰው ይችልበታል ወይ የሚለው ጥያቄ የሰውን ወሬ አላገኘም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ አንድ ሰው የመሣሪያ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ እንዲያወጣ ታስገድዳለች። ወንጀሏ በዚህ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ጥያቄው ተጠይቋል።

ስህተቱ ሲደርስ የሚከፈለውን አርሲ ከማንም በላይ ያውቃል። በቸልተኝነት ሰው የገደለ በአንቀጽ 543 መሠረት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፤ እንደ ጥፋቱ ዓይነት ከዚያም ይከብዳል። የፍርድ ቤቱ ግን ቀላሉ ነው። የሟች ወገን አለ፣ ጉማ አለ፣ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ለሳምንታት ይቀመጣል፣ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ወንዝ ከብት ማጠጣት ያቆማል። ጠብ ሲነሳ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ይገባሉ፤ ዱላ የያዘም ጦር የያዘም ለሲንቄ ይቆማል። ከአፈሙዝ የወጣ ጥይት ሲንቄ አያይም። «ሳላስበው ነው» የሚለው ቃል ለሟች እናት ምን ይሠራላታል?

ወረዳው ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ፣ አዲስ በጀትም አይፈልግም። ፈቃድ ሲታደስ ወረቀት አይቶ ማኅተም ከመምታት በፊት ባለፈቃዱ ፖሊስ በመረጠው ገደላማ ቦታ፣ በራሱ ሽጉጥና በራሱ ጥይት ይቅረብ። በፖሊሱ ፊት ይፍታው፣ ይገጣጥመው። ከዚያ በሰባት ሜትር አምስት ጥይት ይተኩስ። አምስቱንም በእንጀራ ምጣድ ስፋት ላይ ያላሳረፈ፣ ወይም ሽጉጡ ዝጎ ያልተፈታለት ሰው መሣሪያውን ጣቢያ ያስቀምጥ፤ ለምዶ ሲመጣ ይውሰድ።